ስድስተኛው ንጣፍና የካሳ ስልክ

ሰቆጣ ገበያ ገብታችሁ «የሐጅ ይማም ልጅ ዘሃራ ለምን ውጭ አገር ሳትሄድ ቀረች?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ በርበሬ ሻጩም ጨርቅ ሻጩም የሚሰጣችሁ መልስ አንድ ነው። «ኔትዎርክ ነው ጉድ የሠራት» ይሏችኋል። አንዳንዱ ከንፈሩን ይመጣል። አንዳንዱ ደግሞ «ካሳ የሚባል ሞባይል ጠጋኝ ነበር፤ እሱ ነው አጉል መስመር ዘርግቶ ዕድሏን ያስቆረጣት» ብሎ ይጨምርበታል። ዘሃራ እኔ ነኝ። ታሪኩ ውሸት ነው። ውሸቱንም የጀመርኩት እኔው ነኝ፤ ሕዝቡ ቅመም ብቻ ነው የጨመረበት።

ያኔ የፊዚክስ ማስተርስ ተማሪ ነበርኩ። ከክፍሌ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከዋግ የመጣሁም እኔ ብቻ። በዚህ ላይ ትዕቢት ነበረብኝ፣ አልደብቃችሁም። ለእረፍት ሰቆጣ ስመጣ ስለ ሥራዬ የጠየቀኝን ሰው ሁሉ «ቢነገርህም አይገባህም» በሚል ዓይን ነበር የማየው። እናንተን ግን እንደዚያ አላደርግም። ሥራውን ካላወቃችሁ የደረሰውን አታውቁትምና ታግሳችሁ ስሙኝ።

ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ጥቂት ይገታዋል። ይህን መግታት ሬዚስታንስ እንለዋለን። አንዳንድ ብረቶች ግን እጅግ ሲቀዘቅዙ መግታታቸው ጨርሶ ይጠፋል፤ ሱፐርኮንዳክተር የሚባሉት እነሱ ናቸው። አሁን ያንኑ ብረት ወስዳችሁ፣ አተሞቹ ዝብርቅርቅ እንዳሉ፣ መስታወት ላይ በጣም አሳስታችሁ ብትቀቡት ጠባዩ ይለወጣል። ወፍራሙ ንጣፍ ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ወርዶ ወርዶ ዜሮ ይገባል። ስሱ ንጣፍ ደግሞ በቀዘቀዘ ቁጥር ይብሱን ይዘጋል፤ መጨረሻ ላይ ምንም አያሳልፍም። በሁለቱ መካከል ድንበር አለ። ውኃ በረዶ የሚሆነው ሙቀት ሲለቀው ነው። ይህኛው ለውጥ ግን ሙቀት የሚባል ነገር ሊያልቅ ሲል፣ ቅዝቃዜ መጨረሻው ላይ፣ በንጣፉ ውፍረት የሚመጣ ነው። ኳንተም ፌዝ ትራንዚሽን ይሉታል። የኔ ሥራ ያንን ድንበር ማግኘት ነበር።

ንጣፎቹን የሠራችውና የለካችው ውጭ አገር ያለች አንዲት ፕሮፌሰር ናት። ዘጠኝ ነበሩ። እሷ ቁጥሮቹን ለአማካሪዬ ላከች፤ አማካሪዬ ለኔ ሰጡኝ። እኔ ግራፍ ሠራሁላቸው። ስሶቹ ወደ ላይ፣ ወፍራሞቹ ወደ ታች፣ ልክ መጽሐፍ እንደሚለው ሄዱ። ስድስተኛው ግን እንቢ አለኝ። መጀመሪያ እንደ ወፍራሞቹ መውረድ ይጀምርና መሃል ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ የፈለገውን ያህል ቢቀዘቅዝ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ዜሮ አይገባ፣ አይዘጋ።

ለዶክተር አሳየኋቸው። ዶክተር እያልኩ የምጠራቸው አማካሪዬን ነው፤ ስማቸው ይቅር። ወረቀቱን ሳይዙት ከሩቅ አዩት።

«መሣሪያው ነው የሚዋሸው» አሉ። «ከውጭ ረብሻ ገብቶበት ንጣፉ በደንብ አልቀዘቀዘም። አውጪው።»

«ዶክተር፣ ቢሆንም...»

«ዘሃራ፣ ግራፉ እንዲያምር ትፈልጊያለሽ አይደል? አውጪው።»

አወጣሁት። ከግራፉ አወጣሁት እንጂ ከጭንቅላቴ አልወጣልኝም። ተኝቼ ሁሉ ይመጣብኝ ነበር። መሣሪያው ከዋሸ ለምን ለስምንቱ እውነት ተናገረ? በድብቅ ስለ ስድስተኛው ብቻ አሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ለማንም አላሳየሁትም።

ታሪኩ የተፈጸመው ሰቆጣ ነው፣ አባቴ ቤት። አባቴ የማር ነጋዴ ናቸው። ከሰሃላ፣ ከፃግብጂ ማር ይመጣላቸዋል። አጎራባች ሱቆች ማር ሲገዙ ክዳን ከፍተው፣ በጣታቸው ቀምሰው ይከፍላሉ። አባቴ እንደዚያ አያደርጉም። ክንድ የሚያህል የወይራ እንጨት አላቸው። እሱን ጀሪካኑ ውስጥ እስከ ወለሉ ድረስ ይሰዱና አዙረው ያወጡታል። ከላይ ነጭ ማር አፍስሶ ከሥሩ ስኳር ያስተኛ ሰው እዚያች ላይ ያልቅለታል። አባቴ ምንም አይሉም፤ እንጨቱን ከፍ አድርገው ለባለማሩ ያሳዩታል። ሰውየው ጀሪካኑን ተሸክሞ ይሄዳል። በዚህ የተነሳ ሁለት ነጋዴ ሲጣላ እንኳ «ሐጅ ይማም ያሉት ይሁን» ይባላል።

ጽሑፌን ለመጨረስ ቤት በመጣሁ በሳምንቱ ዶክተር ደወሉልኝ።

«ዘሃራ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ፕሮፌሰሯ የዶክትሬት ተማሪ ትፈልጋለች። ስምሽን ሰጥቻታለሁ። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት በቪዲዮ ታነጋግርሻለች። እኔም እገባለሁ። ስምንቱን ንጣፎች አቅርቢ።»

«ስድስተኛውን ብትጠይቀኝስ?»

«አትጠይቅሽም። ብዙ ሥራ አላት።»

አባቴ ይህን ሲሰሙ ለምስጋና ሱጁድ ወረዱ። በማግስቱ ሰቆጣ በሙሉ አወቀ። መብራት ሄዶ የሚመጣበትን ሰዓት የሚያውቅ ስላልነበረ አባቴ ጄኔሬተር ተዋሱ። ለኔትዎርኩ ካሳን ጠሩት።

ካሳ ሞባይል የሚጠግንበት ትንሽ ቆርቆሮ ቤት ከሱቃችን ፊት ለፊት ነበር። እናቱ ኸምጣንጋ እንጂ አማርኛ ብዙም አይሆንላቸውም፤ እሱ ሁለቱንም እያቀላጠፈ ገበያውን ሲያስቅ ነው የሚውል። መጣና ግቢያችንን ስልኩን ከፍ አድርጎ እንደ ውኃ ፈላጊ ዞረው። በመጨረሻ መሰላል ተደግፎ የማር መጋዘኑ ጣሪያ ጫፍ ላይ ወጣ።

«እዚህ ነው» አለ። «ስልኬን እዚህ እሰቅለዋለሁ፤ ኮምፒውተርሽ ኢንተርኔቱን ከሱ ይስባል። አንቺ ከሥሩ መጋዘን ውስጥ ሁኚ። ሐጅ፣ አይስጉ። ከተቋረጠ ሱቄን ይዝጉት።»

«አደራ፣ ካሳ» አሉ አባቴ።

«አደራዬ ነው።»

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት መጋዘኑ ውስጥ፣ በማር ጀሪካኖች መካከል፣ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ካሳ መሰላሉ ላይ ቆሞ ስልኩን ይጠብቃል። አባቴ ከሳንቃው በር ውጭ ጀሪካን ገልብጠው ተቀምጠዋል፤ ሰው እንዳይንጫጫ ነው። ከሰሃላ ማር ይዘው የመጡ ሦስት ሰዎችና ጎረቤት ነጋዴዎች ከሱቁ በኩል ቆመው ይጠባበቃሉ። የሱቁ ወሬ እኔ ጋ አይሰማም ነበር፤ አባቴ ሲያስሉ ግን ጉሮሯቸው ሲከረከር ሳይቀር እሰማለሁ።

ፕሮፌሰሯ ብቅ አለች። ፀጉሯ ሽበት ነው፤ ፈገግታዋ ደግ። ዶክተርም በሌላ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ብቅ አሉ፤ ክራቫት አድርገዋል። ምስሉ ጥርት ያለ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጥርት ያለ ኔትዎርክ ሰቆጣ ላይ አይቼ አላውቅም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ድንበሩን እንዴት እንዳገኘሁት፣ መስመሮቹ ሁሉ በአንድ ስሌት ሲታዩ እንዴት አንዱ በሌላው ላይ እንደሚተኙ አስረዳሁ። ስትጠይቀኝ መለስኩ። እየሄደልኝ ነው ብዬ ልቤ ሞቅ አለ።

ከዚያ «ግራፍሽ በጣም ያምራል» አለች። «ሁሉም ንጣፎች እዚህ ላይ አሉ?»

ዶክተር መነጽራቸውን ነካ አደረጉ። አዩኝ። አሥራ አንዱ ገጽ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነበር የሚፈልገው። ግን አስተማሪዬ ፊቴ ተቀምጠዋል። ያስተማረኝን ሰው በባዕድ ፊት እንዴት አሳጣለሁ? እንዲያ ተደርጌ ነው ያደግሁት? ይሉኝታ ምላሴን ጠፍሮ ያዘው።

«አዎ» አልኩ። «ሁሉም አሉ።»

ፕሮፌሰሯ ግራፉን እንደገና አየች። ፈገግታዋ አልጠፋም፤ ግን ቆመ።

«ስድስተኛው የታለ?»

ለመመለስ አፌን ስከፍት ዶክተር ቀደሙኝ። «መረጃውን የመረጠችው ተማሪዋ ናት» አሉ። «እኔ ያየሁት የመጨረሻውን ግራፍ ነው።»

እኚያ ሰው «አውጪው» ሲሉኝ የነበሩት ናቸው። ይኸው ዛሬም ስጽፍ አንቱ እያልኳቸው ነው።

«እውነት ነው?» አለች ወደ እኔ ዞራ። ሁለተኛ ዕድል እየሰጠችኝ እንደነበረ አሁን ነው የገባኝ።

«አዎ» አልኩ። «እኔ ነኝ። መሣሪያው የተሳሳተ መስሎኝ ነው።»

«መሣሪያው አልተሳሳተም» አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም፤ ቁጣ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር። «ከውጭ የሚገባውን ረብሻ በማጣሪያ ዘግቼ ስድስተኛውን ደጋግሜ ለካሁት። ያው ነው። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። ለዚህ ቦታ የምፈልገው ሰው ስድስተኛውን አይቶ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው።»

እንቅልፍ ያጣ ሰው። ስንት ሌሊት እንዳጣሁ ማን ይንገራት? እኔ አልነገርኳትም። «አመሰግናለሁ፣ ዘሃራ። መልካም ዕድል» ብላ ጠፋች።

ዶክተር ግን አልወጡም። ክራቫታቸውን ላላ አደረጉና በአማርኛ ጀመሩ።

«ዘሃራ፣ እንዳትቀየሚኝ። እኔ አውጪ አልኳት ብል ከዚህች ሴት ጋር ያለን ግንኙነት ይበላሻል፤ ከኋላሽ ለሚመጡትም በሩ ይዘጋል። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ዕድል አታጪም። ስድስተኛውን አውጪ ያልኩሽ እኔ መሆኔን በመካከላችን ይቅር።»

ምን ብዬ የመለስኩ ይመስላችኋል? «ችግር የለም ዶክተር፤ ይገባኛል» አልኩ። አመሰግናለሁም አልኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፤ እኔ ጅቡ ከሄደም በኋላ አልጮህኩም።

ኮምፒውተሩን ዘግቼ ተነሳሁ። ከዚያ በሩን ከፈትኩት። አባቴ ቆመው ነበር። ከሱቁ በኩል ያሉት ሰዎችም ሲያዩኝ ቀረብ አሉ።

«አለቀ?» አሉ አባቴ ቀስ ብለው።

ያን ሁሉ ሰው ሳይ፣ የአባቴን ፊት ሳይ፣ ከአፌ የወጣው ሳስበው የማላውቀው ነገር ነበር።

«ተቋረጠ፣ አባ። መሃል ላይ ኔትዎርኩ ተቋረጠ። ስትጠብቅ ቆይታ ሄደች።»

አባቴ ትክ ብለው አዩኝ። ረጅም አስተያየት ነበር። ከዚያ ቀና ብለው መሰላሉ ላይ ያለውን ካሳን አዩት።

«ካሳ፣ አደራ ብዬህ አልነበረም?»

ካሳ ስልኩን ይዞ ወረደ። «ሐጅ፣ እኔ እኮ... እዚሁ አጠገቡ ነበርኩ። አልተቋረጠም እኮ።»

«ተወው» አሉ አባቴ። «ተወው በቃ።»

ሌላ አላሉም። ሰቆጣ ውስጥ ሐጅ ይማም በሰው ፊት «ተወው በቃ» ያሉት ሰው ማስረጃ አይጠየቅበትም። ከሰሃላ የመጡት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ካሳ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ በሌሉበት ካሳ ስልኩን ይዞ ሱቅ መጣ።

«ዘሃራ፣ ልጣላሽ አይደለም የመጣሁት» አለ። «ይኸው እይው። የተጠቀምሽበት ሰዓት እዚህ ላይ አለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዴም አልተቋረጠም። ምናልባት ኮምፒውተርሽ ይሆን?»

መውጫ ቀዳዳ ሁሉ አዘጋጅቶልኝ ነው የመጣው። «ኮምፒውተሬ ነው» ብል ማንም አይጎዳም ነበር። ግን ትላንት በሰው ፊት ያልኩትን ዛሬ እንዴት ልቀይር?

«ስልክህ ነው የሚዋሸው» አልኩት።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ከየት እንዳመጣሁት ያወቅሁት። ካሳ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «እሺ» አለኝና ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ተሻገረ።

ከዚያ በኋላ ሰው ስልኩን ለካሳ መስጠት እየተወ ሄደ። ማንም ተነስቶ «አትስጡት» አላለም። «የሐጅን ልጅ እንዲያ ያደረገ» ይባልና ሌላ ጠጋኝ ጋ ይኬዳል፤ በቃ። ሲያስቀው የነበረው ገበያ ሲያልፍ ዝም ይለው ጀመር። በዓመቱ ዕቃውን ጠቅልሎ ወልድያ ወረደ። እናቱ ሰቆጣ ቀሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ በኸምጣንጋ ሰላም ይሉኛል፤ ስለ ልጃቸው አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም።

እኔ ማስተርሴን በስምንት ንጣፍ ያዝኩ። ጥሩ ውጤት ተሰጠኝ። አሁን ሰቆጣ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪ ሬዚስታንስ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ይመልስልኛል፤ እኔም ልክ ነህ እለዋለሁ።

አባቴ ላይ ያየሁትን ለውጥ ግን ያኔ ልብ አላልኩትም። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ የወይራ እንጨቷን አላነሱም። ማር ሲመጣ እኔን ወይ ወንድሜን «እስቲ እናንተ እዩት» ይላሉ፤ ራሳቸው ከሱቁ ይወጣሉ። ክንዳቸው አሟቸው መስሎኝ ነበር። ባለፈው ክረምት ከፃግብጂ አንድ ሰውዬ ማር አምጥቶ፣ እንጨቱን ሰድጄ ሳወጣው ከሥሩ ስኳር ተገኘ። ሰውየው ማለ ተገዘተ። «ሐጅ ራሳቸው ይዩልኝ፤ እሳቸው ያሉትን እቀበላለሁ» አለ። አባቴን ጠራኋቸው። ከበሩ ላይ ቆመው እንቢ አሉ። ሰውየው ከሄደ በኋላ ተቆጣሁ።

«አባ፣ ለምንድን ነው እንዲህ የሚሆኑት? እርስዎን ነው እኮ የሚያምኑት።»

«ለዚያ ነው» አሉ።

«አልገባኝም።»

በእጃቸው ወደ መጋዘኑ የሳንቃ በር አመለከቱ። «ያ በር ድምፅ አይከለክልም፣ ዘሃራ። እንግሊዝኛውን አላውቅም። አስተማሪሽ በመጨረሻ ያሉት ግን በአማርኛ ነው። አንቺም የመለስሽው በአማርኛ ነው።»

ጀሪካን ላይ ተቀመጥኩ። ሰምተዋል። በሩን ከፍቼ «ተቋረጠ» ስላቸው እውነቱ በእጃቸው ነበር። ያን ያህል ጊዜ ትክ ብለው ያዩኝ ለዚያ ነበር።

«ታዲያ ካሳን ለምን...»

«አንቺ ልጄ ነሽ፤ እሱ የሰው ልጅ ነው» አሉ። «ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር። የቱ እንደሚቀለኝ መረጥኩ። ከዚያ ወዲህ ያቺን እንጨት ይዤ በሰው ማር ላይ የምቆምበት ዓይን የለኝም።»

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ሰምታችኋል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። እውነት ማንም ካልጠራው እያደር ይደርቃል። ሦስት ሰዎች፣ እኔ፣ ዶክተርና አባቴ፣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሁላችንም ሰው ለማክበር፣ ሰው ላለማሳፈር ብለን ዝም አልን። በዝምታችን የከፈለው ግን ከመካከላችን ያልዋሸው ብቸኛ ሰው ነው። ዶክተርን ለብዙ ጊዜ ረግሜያለሁ። አሁን መርገም አልችልም፤ እሳቸው በእኔ ላይ ያደረጉትን እኔ በዚያው ቀን ሳይመሽ በካሳ ላይ አድርጌዋለሁ። እናንተም ያስተማራችሁን ሰው አክብሩ። ነገር ግን «ሁሉም አሉ?» ስትባሉ የጎደለውን ተናገሩ፤ እዚያች ላይ ዝም ካላችሁ በኋላ የምትሉት ሁሉ እሱን መሸፈኛ ነው።

ወልድያ ደውዬ ነበር። ካሳ አነሳው። ስሜን ስነግረው «ሰላም ነሽ? ሐጅ ደህና ናቸው?» አለኝ። ይቅርታ ልለው ስጀምር «ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ዘጋው። ደግሜ አልደወልኩም። በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ የጠፋው ስሙ ያለው እዚህ ገበያው ውስጥ ነው።

ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ለአባቴ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው አልጠበቅሁትም።

«የልጁን ስም ለምን ካሳ አላልሽም?»

«እንዳይነካ ብዬ ቀይሬዋለሁ። የእርስዎንም የእኔንም ቀይሬዋለሁ።»

«ስማችን የት ነው የጠፋው የእኛ?» አሉ። «ያጠፋንበትን ስሙን መልሺለት። የእኛንም መልሺ፤ ማን እንዳጠፋበት ይወቁ።»

መለስኩት። ከላይ ያነበባችሁት የእውነት ስማችን ነው። ሰቆጣ ገበያ ሞባይል ይጠግን የነበረው ካሳ ይባላል። ያን ሐሙስ ስልኩ አንዴም አልተቋረጠም።